ልዩ ማስታወሻ

ከወንጂ ማዞሪያ እስከ ፖስታ ቤት ድረስ፣
እንደ ወጌሻ ጎንበስ ብዬ አስፋልት ስዳስስ፣
ዛሬ ስድስት ቀኔ።
እርሳሱ ከጆሮዬ፣ ቅጹ ከብብቴ፣
ነጭ ቀለም በጣሳ፣ ሜትር ባንገቴ፣
ረጋሳ ከኋላዬ ቀይ ጨርቅ ያውለበልባል፣
«ቀስ! ቀስ!» ይላል፤ ማን ቀስ ይላል?
የጅቡቲው ተሳቢ እያጓራ ይመጣል፣
ባጃጅ በጎኑ እንደ ዝንብ ይሾልካል፣
ጋሪው መሐል ቆሞ ፈረሱ ያዛጋል፤
ከኮረብታው ማዶ የነፋስ መዘውር ይሽከረከራል፣
እዚህ ጎማው ቆሟል።

ቦታ፣ ርዝመት፣ ጥልቀት፣ የጉዳቱ ዓይነት፣
ደረጃ፤ ከአንድ ጀምሮ እስከ አምስት።
አንድ ማለት ጤነኛ ነው፣ አምስት ማለት «ይቆፈር»፤
ሦስት ግን፣ በኛ አገር፣
ይቆይ ማለት ነው፣ እስኪመጣ በጀት፣
እስኪመጣ ክረምት።

በሰባት ሰዓት ፀሐይ ሬንጁ ላብ ያወጣል፣
ጫማዬን ያዝ አድርጎ «ሳትጽፊኝ አትሂጂ» ይላል።

ይህን ስንጥቅጥቅ መጽሐፉ «የአዞ ቆዳ» ይለዋል፤
ሸምሰዲን ጎሚስታው ግን በልጁ ስም ይጠራዋል።
«ይሄ የነዒማ ጉድጓድ ነው፣
የትምህርት ቤት ክፍያዋን ሦስት ዓመት የከፈለው።
ያኛው የደብተሯ ነው፣ ያ ትንሹ የጫማዋ፤
አንቺ እህቴ ከደፈንሽው፣ ማን ሊሆን ነው አለኝታዋ?»
ይስቃል። ጎማ ይነቅላል። እኔም ስቄ ጻፍኩት፤
ጥልቀት፦ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር። ደረጃ፦ አራት።

ጋሽ ዘርጋው፣ ስሙን ግብር ያወጣለት፣ ሬንጅ ሲዘረጋ የኖረ፣
«ገዳዩ መኪና አይደለም» ይለኝ ነበረ፤
«ጭነት ያደክመዋል እንጂ መንገድ የሚሞተው በውሃ ነው፤
ቦዩን አይተሽ ፍረጂ፤ ፊቱማ ሁልጊዜ ውሸታም ነው።»

ቦዩን አየሁ።
ፌስታል፣ የውሃ ላስቲክ፣ የሸንኮራ ገለባ፣
ካምና ነሐሴ የደረቀ ጭቃ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጀበና አንገት ስባሪ፤
ከተራራው የወረደ ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ፣
ካስፋልቱ ሥር ገብቶ ተኛ፤ በጎማ ተረግጦ ወጣ።

ይህን ሁሉ ጽፌ፣ መቼ ይጠገናል?
ቢዘጉት ከተማው ይታነቃል፣
ቢተዉት መንገዱ ያልቃል።
አለቃዬ «በሌሊት» ይላል፤ ሌሊትም ቢሆን ይሄ መንገድ
ቡና ሲያወርድ፣ ብረት ሲያወጣ ያነጋል።

ቁጥር አርባ ሰባት፤ ከባንኩ ፊት ለፊት፣
ጉድጓዱ መሐል ላይ የኒም ቅርንጫፍ ተተክሎበት።
ትናንትም ነበረ፤ ከትናንት በስቲያም፤
ቅጠሉ ግን ትኩስ ነው፣ አንዱም አልጠወለገም።
«ማነው የሚተክለው?» ስል፣ ከጥላው ሥር አንድ ጎልማሳ
ካርድ የሚሸጥበትን እጁን አነሣ፤
ቡልቻ። ባጃጅ ነጂ ነበር። ክራንቹ ከጎኑ ተጋድሟል።
«በግንቦት፣ ማታ፣ ውሃ ሞልቶት ደልዳላ መስሎኝ ወደቅሁ» ይላል፤
«ጠዋት ጠዋት አንድ ዝንጣፊ እተክላለሁ፤
ከኔ ወዲህ የወደቀ የለም። ቆጥሬያለሁ።»

ቆጥሬያለሁ። እኔም እየቆጠርኩ ነበር ለካ፣
ርዝመቱን፣ ጥልቀቱን በሜትር ስለካ፤
እሱ ግን የቆጠረው ያልሆነውን ነው፤
ያልተሰበረ እግር በየት ዓምድ ይገባል? ስንት ነው ደረጃው?

ደረጃ፦ አምስት። ይቆፈር፤ ከሥሩ ይሠራ፣
አጣዳፊ፤ ከክረምት በፊት፤ ከቦዩ ጋራ።
ከገጹ ግርጌ «ልዩ ማስታወሻ» የሚል ባዶ መስመር አለ፣
ስድስት ቀን እርሳሴ የዘለለው፣ እየተቻኮለ፤
አሁን ጻፍኩበት፦ «ጊዜያዊ ጥገና አለው፤
በየጠዋቱ፣ በቅጠል። ጠጋኙ ደመወዝ የለው።»

ረጋሳ ጮኸ፤ «ዞር በይ!»
ተሳቢው እያጓራ መጣ።
ቅርንጫፉን አየ።
ቀስ አለ።
ዞሮት ወጣ።